ስቴሮይዱ ከመጨመሩ በፊት የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ይመርመር፦ ስለ ውሾች የመገጣጠሚያ ሕመም በስፋት ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ካለፉት ጥቂት ወራት ወዲህ በውሻ አሳዳጊዎችና በእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ ሲዘዋወር የቆየ፣ ስለ ውሾች የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያትት አንድ ጽሑፍ አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል። ከአራቱ አንዷ ቦቢ የሚባል የስድስት ዓመት ጀርመን ሼፐርድ ያላቸው ወይዘሮ ናቸው። ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ ለውሻቸው የሚሰጡትን ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) በእጥፍ ጨምረው፣ ሦስት ቀን ጠብቀው ነበር ወደምሠራበት ክሊኒክ ያመጡት። ቦቢ ከመኪናው በራሱ መውረድ አቅቶት ሁለት ሰዎች ተሸክመው አስገቡት፤ የግራ የፊት እግሩ አንጓ ከቀኙ በእጥፍ ገዝፎ፣ ሁለቱ የኋላ ቁርጭምጭሚቶቹም አብጠው ሲዳሰሱ ይሞቁ ነበር። ይህ ከሆነ ሦስት ወር አልፎታል። ጽሑፉ ግን አሁንም እየተሰራጨ ስለሆነ፣ ነጥብ በነጥብ መመለስ እንዳለብኝ ተሰምቶኛል።

አስቀድሜ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ውሻ የካንሰር መድኃኒት በሚሰጥባቸው የውጭ አገር ክሊኒኮች እንጂ በእኛ ዘንድ እምብዛም ስለማይታይ፣ ያልተለመዱ ባክቴሪያዎች ስለሚያስከትሉት የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን መጨነቅ አያስፈልግም ይላሉ። ባክቴሪያ የሚያጠቃው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ እንደሆነ፣ ብዙ መገጣጠሚያዎች በአንድ ጊዜ ካበጡ ግን ጉዳዩ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም እንደሆነ ያስረዳሉ። መገጣጠሚያ ውስጥ መርፌ ማስገባት ጀርም ማስገባት ስለሚሆን የደም ምርመራና የሰውነት ሙቀት ይበቃል፤ ፈሳሹ ተወስዶ በላቦራቶሪ ምንም ካልበቀለም ኢንፌክሽን የለም ማለት ነው፤ ውሻው ስቴሮይድ ወስዶ ከተሻለው ጥያቄው በዚያው ተመልሷል ብለው ይቀጥላሉ። በመጨረሻም፣ ኢንፌክሽን ሆኖ ከተገኘ ስቴሮይዱን በዚያው ቀን አቁሞ አሞክሲሲሊን ለዐሥር ቀናት መስጠት በቂ መሆኑን ይመክራሉ።

የምስማማበት ነገር አለ። ብዙ መገጣጠሚያዎቹ በአንድ ጊዜ ባበጡ ውሻ ላይ ራስን የማጥቃት ሕመም ከኢንፌክሽን ይልቅ እጅግ የሚዘወተር መሆኑ እውነት ነው፤ ያነከሰ ውሻ በመጣ ቁጥር አንቲባዮቲክ በግምት መስጠት ስሕተት እንደሆነም በትክክል ጽፈዋል። ለሰው የተዘጋጀ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለውሻ እንዳይሰጥ ያሰፈሩት ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሊደገምና ሊሠለስ የሚገባው ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች በተለይ ከስቴሮይድ ጋር ሲደረቡ የውሻን ጨጓራ አቁስለው ሊያደሙት ይችላሉ። ልዩነታችን የሚጀምረው፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን ሕመም ሁልጊዜ የሚያጋጥም አድርገው ከወሰዱበት ቦታ ላይ ነው።

የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም የሩቅ አገር ጉዳይ ነው ለሚለው፣ ከቦቢ የተሻለ መልስ የለኝም። ቦቢ ካንሰር የለበትም፤ የነበረበት ማሳከክ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ባሳከከው ቁጥር ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ ሲወጋ ቆይቶ፣ ኋላ ላይ የፕሬድኒሶሎን ክኒን በየቀኑ ይሰጠው ጀመር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሆዱ ተዘርጥጦ፣ የጎኑ ጠጉር ሳስቶ፣ የሆዱ ቆዳ ደም ሥሩ እስኪታይ ድረስ ቀጥኖ፣ የጭኑ ጡንቻ ሟሽሾ ነበር። ውኃ ያለ ልክ እንደሚጠጣና ሌሊቱን ሲሸና እንደሚያድር ወይዘሮዋ ነገሩን። ይህ ኩሺንግ የሚባለው፣ በሰውነት ውስጥ ስቴሮይድ ሲበዛ የሚመጣው ሕመም መልክ ነው፤ ልዩነቱ ከዕጢ ሳይሆን ከመድኃኒት የመጣ መሆኑ ብቻ ነው። ስቴሮይድ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ወጥተው ጀርሙ ወዳለበት ቦታ እንዳይደርሱ ያግዳል፤ የደረሱትም ጀርሙን ውጠው የመግደል ኃይላቸው ይቀንሳል። በየግቢው ለማሳከክ እየተባለ ዓመቱን ሙሉ የሚወጋ ዘበኛ ውሻ ካለ፣ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ውሻ አለ ማለት ነው።

መንገዱም ይህ ብቻ አይደለም። የስኳር በሽታ ያለበት ውሻ፣ ቡናማው የውሻ መዥገር በሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ ካኒስ በተባለ ባክቴሪያ መቅኔው ቀስ በቀስ የተጎዳ ውሻ፣ መከላከያን የሚጨቁነውን ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ ውሻ በዚሁ ክበብ ውስጥ ይገባሉ። ለማሳከክ የሚሰጠው ኦክላሲቲኒብ የተባለው መድኃኒት እንኳ ከባድ ኢንፌክሽን ላለበትና ዕድሜው ከ12 ወር በታች ለሆነ ውሻ እንዳይሰጥ በራሱ መግለጫ ላይ ተጽፎበታል። ከነጭራሹ ደካማ መከላከያ ይዘው የሚወለዱም አሉ፤ በአይሪሽ ሴተርና በባሴት ሀውንድ ዝርያዎች የታወቁት የዘር ጉድለቶች ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

አንድ መገጣጠሚያ ካበጠ ባክቴሪያ፣ ብዙ ካበጠ ራስን የማጥቃት ሕመም የሚለው መለያ የተወሰደው ከጤናማ ውሻ ነው። ጤናማ ውሻ በንክሻ፣ በእሾህ ወይም በቀዶ ሕክምና ምክንያት ጀርም ሲገባበት የሚያብጠው በእርግጥም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጉልበት ወይም አንድ ክርን ነው፤ ጀርሙም በብዛት ከውሻው ቆዳ የሚነሣ ስታፊሎኮከስ ወይም ስትሬፕቶኮከስ ይሆናል። መከላከያው በደከመ ውሻ ግን ጀርሙ በደም ውስጥ ሳይያዝ ይዞራል፤ የደም ሥር የበዛበት የመገጣጠሚያ ሽፋን ደግሞ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከአውስትራሊያ በወጣ ዘገባ፣ ብዙ መገጣጠሚያዎቹ ካበጡበት ግሬይሀውንድ ላይ ማይኮፕላዝማ ስፑማንስ የተባለው ባክቴሪያ ተለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች፣ ከኩላሊት በላይ ባሉት በሁለቱም አድሬናል ዕጢዎቹ ላይ የነበሩት እባጮች (ቱመሮች) በቀዶ ሕክምና በወጡለት ውሻ ላይ ማይኮፕላዝማ ኤድዋርዲ ደሙንና ብዙ መገጣጠሚያዎቹን በአንድ ጊዜ እንዳጠቃ ጽፈዋል። ሁለቱም ውሾች በጸሐፊው መለያ ቢመዘኑ ስቴሮይድ ይጨመርላቸው ነበር። ከዚህም በላይ፣ የልብ በር ኢንፌክሽን ያለበት ውሻ መገጣጠሚያው ውስጥ ጀርም ሳይኖር መገጣጠሚያዎቹ ሊያብጡ ይችላሉ፤ የሰውነቱ መከላከያ በሩቅ ላለው ጀርም የሚሰጠው ምላሽ መገጣጠሚያውን ያቆጣዋልና። ስለዚህ ኢንፌክሽንና የመከላከያ መዛባት ሁልጊዜ አንዱ ሲኖር ሌላው የማይኖርባቸው ነገሮች አይደሉም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማይስማማኝ ነጥብ ልምጣ፤ እርሱም የመርፌው ጉዳይ ነው። መገጣጠሚያ ላይ መርፌ ማስገባት ጀርም ማስገባት ነው የሚለው ፍርሃት ከየት እንደ መጣ ይገባኛል። በቆሰለ ወይም መግል በያዘ ቆዳ በኩል መርፌ ማሳለፍ በእርግጥ አይገባም፤ ደሙ በቀላሉ የማይረጋ ውሻም ሊወጋ አይገባውም። ከእነዚህ ውጭ ጠጉሩ ተላጭቶ፣ ቆዳው በሚገባ ታጥቦና ፀረ ጀርም ተቀብቶ፣ ጓንት ተደርጎ በንጹሕ መርፌ ሲቀዳ በዚያ ምክንያት ኢንፌክሽን የሚከተለው እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ነው። ቦቢን በማስተኛ መድኃኒት አስተኝተን፣ የግራ አንጓውን አጥፈን፣ ባለ 22 ጌጅ መርፌ ስናስገባ ከመላጨቱ እስከ መጨረሻው የወሰደብን ሩብ ሰዓት ያህል ነው። የጤናማ መገጣጠሚያ ፈሳሽ እንደ ማር ነው፤ ከመርፌው ጫፍ ጠብ ሲል ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ክር ሠርቶ ይሳባል፤ ጠርቶም በስተጀርባው ጽሕፈት ያስነብባል። የቦቢ ፈሳሽ እንደ ጠላ አተላ የደፈረሰ ነበር፤ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት መስታወት (ስላይድ) ላይም ሳይሳብ እንደ ውኃ ጠብ አለ። የላቦራቶሪው መልስ ገና ሳይመጣ፣ ያ ጠብታ ብቻ በዚያች ዕለት ስቴሮይዱን ከመጨመር አግዶናል።

የደም ምርመራው ምን ነገረን? ከሞላ ጎደል ምንም። ስቴሮይድ የሚወስድ ውሻ ኢንፌክሽን ባይኖርበትም ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎቹ ከፍ ይላሉ፤ ሊምፎሳይት የተባሉት ሌሎቹ ደግሞ ዝቅ ይላሉ። የቦቢ ውጤት ይህንኑ ያሳይ ስለነበር፣ ቁጥሩ የመድኃኒቱ ይሁን የጀርሙ መለየት አይቻልም ነበር። የሰውነቱ ሙቀትም 38.9 ዲግሪ ነበር፤ ትኩሳት የለውም ማለት ነው። ስቴሮይድ ትኩሳትን ራሱ ስለሚያበርድ፣ ትኩሳት ባይኖርም ኢንፌክሽን የለም ብሎ መደምደም በዚህ ዓይነት ውሻ ላይ አይሠራም። ጸሐፊው እንዲታመንባቸው የሚፈልጓቸው ሁለቱ ምልክቶች መድኃኒቱ አስቀድሞ ያዛባቸው ሆነው ሳለ፣ መድኃኒቱ ጨርሶ ሊያጠፋው የማይችለው ምስክር መገጣጠሚያው ውስጥ ተቀምጦ እንዳይታይ ይከለክላሉ።

በማይክሮስኮፕ የሚታየውም ቢሆን ብቻውን ፍርድ እንደማይሰጥ ማመን አለብኝ። ጤናማ የውሻ መገጣጠሚያ በአንድ ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ከ3,000 ያነሱ ሴሎች ይዞ አብዛኞቹ ባለ አንድ ኒውክሊየስ ናቸው፤ በባክቴሪያ የተመረዘ መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ ከ40,000 በላይ ሆኖ ኒውትሮፊል ይሞላበታል። ይሁንና ራስን የማጥቃት ሕመምም እዚያው ቁጥር ላይ ሊደርስ ይችላል፤ እንደ ማይኮፕላዝማ ያሉት ጀርሞችም ኒውትሮፊሎቹን ሳያፈራርሱ ስለሚቆዩ ስላይዱ ራስን የማጥቃት ሕመም ሊመስል ይችላል። በቦቢ ስላይድ ላይ ያየነው ባልተበላሹ ኒውትሮፊሎች የተሞላ መስክ ነው፤ ባክቴሪያ አላየንም። ጸሐፊው አጠገቤ ቆመው ቢሆን ኖሮ ይኸው አላልኩም ይሉኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ካልቸሩ፣ ማለትም ፈሳሹን በምግብ ሳህን ላይ ዘርቶ ጀርሙን የማብቀል ምርመራው፣ የተነገረለትን ያህል አስተማማኝ አለመሆኑን የሚያሳየው የዚህ ታሪክ ቀጣይ ክፍል ነው። የመገጣጠሚያ ፈሳሽ በቀጥታ ሳህን ላይ ብቻ ሲዘራ በእውነት ከተመረዙት መገጣጠሚያዎች ግማሽ ያህሉ ምንም ላያበቅሉ ይችላሉ። ጀርሙ ጥቂት ሊሆን፣ በመገጣጠሚያው ሽፋን ውስጥ ሊደበቅ፣ ወይም አስቀድሞ በተሰጠ አንቲባዮቲክ ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹን ለደም ካልቸር በሚያገለግለው ጠርሙስ ውስጥ አስቀድሞ ማሳደር የማግኘቱን ዕድል ከፍ ያደርገዋል፤ ለሰው ሕክምና የተሠራውም ጠርሙስ ይሆናል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚያመልጡ አሉ። ማይኮፕላዝማ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ግራም በሚባለው የባክቴሪያ መለያ ቀለም አይታይም፤ በተለመደው ሳህን ላይም አይበቅልም፤ የተለየ ምግብ ወይም የዘረ መል ምርመራ ይፈልጋል። ኖካርዲያ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ በተለመደው ሳህን ላይ ይበቅላል፤ ችግሩ መዘግየቱ ነው። አንዳንዴ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብቅ ሲል፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ሳምንት ያስጠብቃል። ላቦራቶሪው ሳህኑን በ48 ሰዓት ውስጥ ከጣለው፣ አልበቀለም የሚለው መልስ አልተጠበቀም ከማለት የተለየ ትርጉም የለውም።

ከሦስቱ የቦቢ መገጣጠሚያዎች የወሰድነው ፈሳሽ በሁለተኛው ቀን ምንም እንዳላበቀለ ተነገረን። ውሻው ስቴሮይድ ሲወስድ የኖረ መሆኑን ለላቦራቶሪ ባለሙያዋ በጽሑፍ አሳውቀን ሳህኖቹ ለሁለት ሳምንት እንዲቆዩ ለምነን ስለነበር አልጣለቻቸውም። በስድስተኛው ቀን ስልክ ደውላ ኑና እዩ አለችን። በሁለቱ ሳህኖች ላይ የኖራ ብናኝ የመሰሉ፣ ደረቅና ነጫጭ፣ ከሳህኑ ጋር የተጣበቁ ጥቃቅን የባክቴሪያ ክምችቶች ተነሥተው ነበር፤ ክዳኑ ሲነሣ ዝናብ የመታው አፈር ሽታ ይሸታል። በስላይድ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈሉ ቀጫጭን ክሮች ታዩ፤ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚውለው ቀለም አሲዱ ቀለል ብሎ ሲሠራ ቀዩን ቀለም በከፊል ያዙት። ኖካርዲያ ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ ጤናማ ውሻ ሳያውቀው ሲረግጠውና ሲተነፍሰው የሚውል ባክቴሪያ ነው። በዚያው ቀን የደረቱን ራጅ ስናነሣ በቀኝ ሳንባው ላይ ጥላ አገኘን፤ መነሻው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

በስቴሮይድ ከተሻለው ራስን የማጥቃት ሕመም ነው ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ስቴሮይድ የሚያበርደው መቆጣትን ነው፤ መቆጣቱን ያስነሣው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ወይዘሮዋ መጠኑን በእጥፍ በጨመሩ ማግስት ቦቢ ምግቡን ጨርሶ እስከ በሩ ድረስ ተራምዶ ነበር፤ እርሳቸውም ጽሑፉ ልክ ነው ብለው ደስ አላቸው። በሦስተኛው ቀን መነሣት አቃተው። በሐቀኝነት ለመናገር ይህ ስሕተት በተቃራኒው ወገንም ይሠራል፤ ዶክሲሳይክሊን ሰጥተው ውሻው ስለ ተሻለው ብቻ ባክቴሪያ ነበር የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ዶክሲሳይክሊን ከጀርም ገዳይነቱ ሌላ መቆጣትን የማብረድና የልም አጥንት አፍራሽ ኢንዛይሞችን የማገድ ባሕርይ ስላለው፣ መሻሉ ብቻውን ለእነርሱም ማስረጃ አይሆናቸውም።

የቀረው የሕክምናው ምክር ነው። አሞክሲሲሊን የሚሠራው የባክቴሪያውን የሴል ግድግዳ በማበላሸት ነው። ማይኮፕላዝማ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ እዚያ ላይ የሚያገለግሉት እንደ ዶክሲሳይክሊንና ኤንሮፍሎክሳሲን ያሉት ናቸው፤ የኋለኛው ደግሞ በማደግ ላይ ላለ ቡችላ ልም አጥንትን ስለሚጎዳ ይከለከላል። ኤርሊኪያ ካኒስ ከሆነ የታወቀው ሕክምና ዶክሲሳይክሊን ለ28 ቀናት ነው። ኖካርዲያን በተመለከተ፣ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ አሞክሲሲሊንን ስለሚቋቋሙ፣ ቀድሞ የሚመረጠው ትራይሜቶፕሪምና ሰልፋ የተዋሐዱበት መድኃኒት ነው፤ የሚሰጠውም ለወራት ነው። ተራ ስታፊሎኮከስ እንኳ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ የሚለመደው ሕክምና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም መገጣጠሚያው መታጠብ አለበት። ዐሥር ቀን ሕመሙን ለጊዜው ደብቆ ጀርሙን መድኃኒት ያስለምደዋል። አንቲባዮቲክ ያለ አግባብ እንዳይሰጥ አጥብቀው የሚመክሩት ጸሐፊ ይህን ምክር ከዚያው ጽሑፍ ውስጥ ማስገባታቸው አሳዝኖኛል።

ስቴሮይዱን በዚያው ቀን ማቆም የሚለው ግን ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል ነው። ለወራት ስቴሮይድ የወሰደ ውሻ የራሱ አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶል የተባለውን የሰውነት ስቴሮይድ የማመንጨት ሥራውን አቁሞ ተኝቷል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ውሻው ያስመልሰዋል፣ ይዝላል፣ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ኢንፌክሽን ያለበት ሰውነት ደግሞ ከወትሮው የበለጠ ኮርቲሶል ይፈልጋል። ጸሐፊው የፈለጉት መከላከያው እንዲያገግም እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም የምፈልገው እርሱን ነው፤ መንገዱ ግን መጠኑን በሐኪም ክትትል ደረጃ በደረጃ መቀነስ ነው። የቦቢን ፕሬድኒሶሎን ወይዘሮዋ ከጨመሩበት መጠን መጀመሪያ ወደ ቀድሞው መልሰን፣ ከዚያም በሰባት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያልን አወረድነው።

ለሰልፋውም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ውሾች፣ በተለይም በዶበርማን ዝርያ ላይ፣ ራሱ የብዙ መገጣጠሚያ መቆጣት ያስነሣል፤ ስለዚህ በሕክምናው መካከል መገጣጠሚያ እንደገና ሲያብጥ ጥያቄው ሦስት ይሆናል፦ ጀርሙ ተመለሰ? የቆየ ራስን የማጥቃት ሕመም ተነሣ? ወይስ መድኃኒቱ ነው? ለሦስቱም መልስ የሚፈለገው እንደገና መርፌ ገብቶ ፈሳሹ ሲታይ ነው። ሰልፋ እንባንም ሊያደርቅ ስለሚችል፣ በየሁለት ሳምንቱ የቦቢን የታች የዓይን ቆብ ሳብ አድርገን ቀጭኗን የመለኪያ ወረቀት ለአንድ ደቂቃ እንሰካለን። ባለፈው ሐሙስ ሲለካ ቀኙ 17፣ ግራው 16 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ደህና ነው። የኋላ ቁርጭምጭሚቶቹ እብጠት ጠፍቷል፤ በሳንባው ላይ የነበረው ጥላም ግማሽ ያህል ቀንሷል። ፈሳሹ እንደ አተላ የወጣበት የግራ አንጓው ግን ልም አጥንቱ ስለ ተበላ ከግማሽ በላይ አይታጠፍም፤ ደረጃ ሲወርድም ያንን እግሩን ወደ ጎን ወርወር አድርጎ ነው የሚያሳርፈው።